ውሸታሙ ኬብል

ሰኞ ጠዋት፣ ባለሱቆች መዝጊያቸውን ገና እየገፉ በሚከፍቱበት ሰዓት፣ ከፎቶ ስቱዲዮው የወጣው ጩኸት የመንገዱን ሰው ባለበት አቆመው።

«ሌባ! ኧረ ሌባ! ኧረ ጉድ ሆንኩላችሁ!»

ጎረቤቱ ግር ብሎ ገባ። ገብቶም ግራ ገባው። በሩ አልተሰበረም፣ መስኮቱ አልተነካም፣ ካሜራዎቹ በየማንጠልጠያቸው ናቸው። ኮምፒውተሩም እንደ ወትሮው ጠረጴዛው ሥር ተቀምጦ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ባለ ስቱዲዮዋ ግን ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭናለች።

«ምንሽ ተሰረቀ?» አሏት።

«ኮምፒውተሬ!»

«ይኸው አለልሽ አይደል እንዴ?»

«እሱ አይደለም! ሌላ ነው! የኔን ልጅ ወስደው የሰው ልጅ አስተኝተውልኛል!»

ይህችን ሴት ሰፈሩ «እትዬ ፕላስተር» ነው የሚላት። ቁስል ላይ የሚለጠፈውን ነጭ ፕላስተር እየቆረጠች፣ በወፍራም ማርከር እየጻፈች፣ የማትለጥፍበት ነገር የለም። ስቱዲዮዋን ወደዚህ ቤት ስታዛውር ኬብሎቿ ሁሉ በአንድ ጆንያ ተጠቅጥቀው እንዳልተበጠረ ፀጉር ተጠላልፈው መጡ። የትኛው የት እንደሚገባ እስኪታወቅ ስንት ቀን ደንበኛ በር ላይ እየቆመ ሳቀባት። ከዚያ ወዲህ «ሁለተኛ!» ብላ ማለች። መሐላዋንም ጠብቃለች።

ፖሊስ ተጠርቶ መጣ። የመጣችው ኢንስፔክተር ደግሞ «ወይ ፍንክች» ነበረች። ስሟ እንኳ አይደለም፤ ጣቢያው ከኋላዋ ያወጣላት ነው። አንድ ጉዳይ ከያዘች አለቃ ቢቆጣ፣ ዝናብ ቢዘንብ፣ ምሳ ቢቀዘቅዝ ካለችበት ንቅንቅ አትልም። እሷም ስሟን ሰምታለች፤ ደስ ብሏታል። ከጎኗ ሳጅኑ አለ። ሳጅኑ ጎበዝ ፖሊስ ነው፤ ችግሩ ረሃቡና ፍርዱ ሁለቱም ቶሎ መድረሳቸው ነው።

«እትዬ፣ ሌላ መሆኑን በምን አወቅሽ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ከፈትኩት። የአምናን ሥዕል ይዞ ብቅ አለ! የሠርጉ ፊልም የለበትም። የአንድ ሙሉ ሠርግ ፊልም! ነገ ሊረከቡኝ ነው። ሠርግ እንደ ፓስፖርት ፎቶ ድገሙልኝ አይባል!»

ኢንስፔክተሯ ጫማዋን አወለቀች፣ ስልኳን አበራች፣ ጠረጴዛው ሥር በሆዷ ገባች።

«ኢንስፔክተር፣ ሰው እያየ…» አለ ሳጅኑ አፍሮ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚል ድምፅ ከሥር መጣ። «ይህ ምንድን ነው?»

መዳፏን ዘረጋች። ደርቆ የተጨማደደ፣ አራት ማዕዘን የሆነ ብርቱካንማ ነገር። ካሮት ነው።

«አይጥ ናት» አለ ሳጅኑ።

«አይጥ ቢላዋ ጀምራለች በለኛ። በአራት ማዕዘን የተከተፈ እኮ ነው።»

«እዚህ ክፍል ምግብ አይገባም!» ስትል እትዬ ፕላስተር ከወለሉ ተነሣች። «ውሃ እንኳ ከደፉ አያልፍም። ከፈለግሽ በሩን አንብቢ!» እውነትም በሩ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ «የሚጠጣ ይዞ የገባ ወዮለት» ይላል።

ኢንስፔክተሯ ካሮቱን በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችና ወደ ኬብሎቹ ተመለሰች። አንድ በአንድ እየዳሰሰች ታነብባለች። «ኪቦርድ የሚለው ኪቦርዱ ጋ ገብቷል… ፕሪንተር፣ ፕሪንተሩ ጋ… ሶኬት፣ ሶኬቱ ጋ… ቆይ። እትዬ፣ ሕግሽ ምንድን ነው?»

«ሕጌ አንድ ነው። እያንዳንዱ ጫፍ የሚገባበትን ይናገር። ስክሪኑ ውስጥ የሚገባው ጫፍ ‹ስክሪን› ይላል። ሲፒዩው ውስጥ የሚገባው ‹ሲፒዩ› ይላል። የታወረ ሰው ካልሆነ አይሳሳትም!»

«እንግዲህ ይሄኛው ይዋሻል። ሲፒዩው ውስጥ የገባው ጫፍ ‹ስክሪን› ይላል። ስክሪኑ ውስጥ የገባው ደግሞ ‹ሲፒዩ› ይላል። ፕላስተሩም ከሌሎቹ ይነጣል። አዲስ ነው።»

እትዬ ፕላስተር ጎንበስ ብላ አየች። ከስርቆቱ ይልቅ ይኼኛው አናደዳት። «የማን እጅ ነው እንዲህ ያበላሸው! ውሸታም ኬብል በኔ ቤት!»

በዚህ መሃል አንድ ረጅም ቀጭን ጎልማሳ እየሮጠ ገባ። የኮምፒውተር ሠራተኛዋ ነው፤ የእህቷም ልጅ። ቅጥነቱን አይተው «ሽቦ» ነው የሚሉት። ሲፒዩውን አንዴ ዞር ብሎ አየና፣ «እንዴ፣ ይሄ እኮ የራሳችን አሮጌው ነው» አለ። «ተንቀራፈፈ ብለን ዕቃ ቤት የወረወርነው። የስክሪን መሰኪያው የድሮ ዓይነት ስለሆነ የአዲሱ ኬብል አይገባለትም። ለዚህ ነው አሮጌው ኬብል አብሮ የመጣው። እሱ ላይ ምንም አልተጻፈም ነበር።»

«ስለዚህ የጻፈበት ሌባው ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «በሲፒዩው ጀርባ ያሉትንም ፕላስተሮች ከአዲሱ ልጦ አሮጌው ላይ ለጥፏል፤ ጫፋቸው ተነሥቷል። ማንም እንዳያውቅበት ፈልጓል። የስቱዲዮውና የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ማን ማን ጋ ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ እትዬ ፕላስተር ዞረ።

«ሁለት ነው» አለች እትዬ ፕላስተር ቀስ ብላ። «የኔ ትናንት እሁድ ቤት ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ዋለ። እኔ አራስ ልጠይቅ ሄጄ የገባሁት ማታ ነው። ሌላው…» አንገቷን ወደ እህቷ ልጅ አዞረች።

«አክስቴ!»

«አክስትህን አትጥራ! ያንተ ቁልፍ የት ዋለ?»

«ኪሴ ውስጥ! እኔም ቤቴ ነው የዋልኩት፣ ልብስ ሳጥብ።»

«ማን አየህ?»

«ልብሴ» አለ ሽቦ። ማንም አልሳቀለትም።

እትዬ ፕላስተር እጇን ዘረጋች። «ቁልፉን አምጣ።» በሰው ሁሉ ፊት ከእጁ ነጥቃ ኪሷ ከተተች። «እሰሩልኝ! ዘመድ ብዬ ጉድ ሆንኩ!»

ሽቦ ፊቱ አመድ መሰለ። ኢንስፔክተሯን ወደ ጥግ ጠራት። «እናቴ ዛሬ ማታ ከክፍለ ሀገር ትመጣለች። ልጇ ታስሮ፣ ያሳሰረችው ደግሞ የገዛ እህቷ መሆኗን ከሰማች፣ ሁለቱ እስከ ዕለተ ሞታቸው አይነጋገሩም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያለቻት እሷ ብቻ ናት። እኔስ ግድ የለም፣ እታሰራለሁ። እነሱን ግን አታጣሉብኝ።»

«እስከ ማታ ጣቢያ ትቀመጣለህ» አለች ኢንስፔክተሯ። «እስከ ማታ ካላገኘሁት መዝገብ እከፍትብሃለሁ። ካገኘሁት ወደ እናትህ ትሄዳለህ።»

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ወገባቸውን በአንድ እጅ ደግፈው፣ በሌላው ሰው እየገፉ፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ! መሃሉ ባዶ ነው!» ይላሉ። የእትዬ ፕላስተር ባል ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። «ጋሽ ሹፌር» ይባላሉ። ሽቦ ተይዞ ሲወጣ ሲያዩ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት።

«ምነው ወገብዎን?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ከትናንት ጀምሮ ነው፣ እመቤት። ብርድ መሰለኝ። ቤቴ ተኝቼ ነው የዋልኩ።»

ሳጅኑ የኳስ ነገር ሲሆን አያስችለውም። «ጋሼ፣ ታዲያ የትናንቷን የመጨረሻ ጎል አዩልኝ?»

የሽማግሌው ዓይን በራ። «አላየሁም ልልህ ነው? በረኛው ተንበርክኮ ሣሩን በጡጫ ሲደበድበው! እንደ ሕፃን እኮ ነው…» ድንገት ሳል ያዛቸው። ሳሉ ረዘመ።

ሳጅኑ ጀርባቸውን መታ መታ አደረገላቸው። ኢንስፔክተሯ አየቻቸው። የሚታመም ሰው ጎል ሲያነሡበት ይድናል፣ እሱ አይደንቅም ነበር። ሳሉ ነው ያልጣማት።

*

መንገዱን ተሻግሮ ሌላ ፎቶ ቤት አለ። ባለቤቱ ቀይ ሸሚዝ የማያወልቅ፣ የማይስቅ ደንበኛ የማይወድ ሰው ነው። «ብልጭታ» ይሉታል። ከእትዬ ፕላስተር ጋር እንደ ድመትና ውሻ ናቸው።

«ኮምፒውተሯን እኔ?» አለ ደረቱን ይዞ። «በነጻ ብትሰጠኝ አልወስድም! ፕላስተሩን ስልጥ ዕድሜዬ ሊያልቅ?»

ሳጅኑ ግን ዓይኑ ጥግ ላይ አርፏል። «ኢንስፔክተር! ጥቁር ሲፒዩ! ራሱ ነው!» ዘሎ አቀፈው። አቧራው እንደ ደመና ተነሣ። ሳጅኑ ባርኔጣው እስኪወድቅ አነጠሰ።

«የትናንት ዕቃ ይህን ያህል አቧራ ከየት ያመጣል?» አለች ኢንስፔክተሯ። «አስቀምጠው። ተባረክ።»

የብልጭታ ኬብሎች የወፍ ጎጆ ይመስላሉ። ነጭ ይሁኑ ጥቁር አይታወቁም፤ አንድም ጽሑፍ የለባቸውም።

«አንተ ምልክት አታደርግም?»

«ሰው ልጁ ላይ ስም ይለጥፋል እንዴ? እኔ ልጆቼን በመልክ ነው የማውቃቸው። ለምሳሌ ይቺ የስፒከሩ ናት» ብሎ አንዷን መዘዘ። የቤቱ መብራት ድርግም አለ።

በጨለማው ውስጥ «…የዚህችኛዋ እህት ነበረች» አለ።

ትናንትም ሠርግ ሲቀርጽ ነው የዋለው። መብራቱን መልሶ ፊልሙን አሳያቸው። ከጠዋት እስከ ማታ ራሱ አይታይም እንጂ «ወደዚህ እዩ! ሙሽራው፣ ጥርስ!» የሚለው ድምፁ አያቋርጥም። ጥርጣሬው እዚያው ሞተ።

«እንግዲህ ሽቦ ነው» አለ ሳጅኑ ከመንገዱ ጠርዝ ቆሞ። «ቁልፍ አለው፣ ሙያው ነው፣ ያየው ሰው የለም። ምሳ እንብላና መዝገቡን እንክፈት።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ኬብሎቹን በቀን ሁለቴ የሚነካ ሰው፣ የአክስቱን ሕግ እያወቀ፣ ለምን ተገላቢጦሽ ይጽፋል?»

«ሆን ብሎ ቢሆንስ? እኔ አይደለሁም ለማለት?»

ይህ የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። እንዲያውም ጣቢያ እስኪደርሱ አብሯት ሄደ።

*

ጣቢያው ውስጥ ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ኮምፒውተር አለ። ከመጣ ብዙ ወር ሆነው። አለቃው «ማን ነው የሚገጥመው?» ባለ ቁጥር ሁሉም ሥራ ይበዛበታል። ካርቶኑ ላይ ባርኔጣ ያስቀምጡበታል።

ኢንስፔክተሯ ባርኔጣዎቹን አነሣችና ሽቦን ጠራችው። «ዝም ብለህ ከምትቆዝም ይህን ግጠምልን። እኛ ደግሞ ወደፊት ነቅለን መሰካት እንድንችል እንደሚመችህ አድርገህ ምልክት አድርግበት።» ፕላስተርና ማርከር ሰጠችው። እሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ዓይኗ እጁ ላይ ነው።

ሥራው ሲመጣ ሽቦ እስረኛ መሆኑን ረሳ። እያፏጨ ካርቶኑን ከፈተ። አንዱን ኬብል አነሣ፣ ፕላስተር ቆረጠ፣ በአንዱ ጫፍ «1» ጻፈ፣ በሌላው ጫፍም «1» ጻፈ። ስክሪኑ ላይ ከመሰኪያው አጠገብ «1»፣ ሲፒዩው ላይም «1»። ሁለተኛው ኬብል ሁለት፣ ሦስተኛው ሦስት።

«ስም አትጽፍም?»

«ቁጥር ይሻላል። አንድን ከአንድ ማገናኘት የማይችል የለም። አክስቴን ስንት ጊዜ ለመንኳት፤ ወይ ፍንክች አለች…» ስሟን ጣቢያው ውስጥ ሰምቶ ኖሮ ምላሱን ነከሰ። ሳጅኑ ወደ ግድግዳው ዞሮ ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

«ቀጥል» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ፊቷ ሳይለወጥ።

ሽቦ ውሃ ሊጠጣ ሲሄድ ወደ ሳጅኑ ጠጋ አለች። «ሰው ሲረጋጋ የታዘዘውን ይጽፋል። ሲደነግጥ ግን ወደ ራሱ እጅ ይመለሳል። ሌባው የቸኮለ ሰው ነው፤ የጻፈው በራሱ ልማድ ነው። የሽቦ ልማድ ቁጥር ነው። የአክስቱ የሚገባበት ነው። የብልጭታ ምንም ነው። ሌላ አራተኛ ልማድ ያለው ሰው አለ።»

«ታዲያ ሽቦ አለመሆኑን የምናሳይበት ማስረጃ…» አለ ሳጅኑ።

«ማስረጃ ነው ያጣሁት» አለች። «አውቃለሁ።»

ያኔ ጋሽ ሹፌር ወገባቸውን ይዘው ገቡ። በእጃቸው ትልቅ ፔርሙስ አለ። «ለልጁ ነው» አሉ ማንንም ሳያዩ። «ከሰው እጅ አይበላም ብዬ…» ሽቦን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አይዞህ። ቶሎ ትወጣለህ። በቃ ዛሬውኑ ትወጣለህ። የኔ ልጅ፣ ትንሽ ሰዓት ታገሠኝ።»

«ምኑን ነው የምታገሥዎት፣ አባባ?» አለ ሽቦ ግራ ገብቶት።

«ማለቴ… ፖሊሶቹን።» ተመልሰው ወጡ።

ሽቦ ፔርሙሱን ከፈተ። የአትክልት ሾርባ ነው። ካሮቱ በአራት ማዕዘን ተከትፏል። ኢንስፔክተሯ ኪሷ ያለውን አወጣች፣ ከአንደኛው ጎን አስቀመጠችው። አንዱ የሌላው ወንድም ነው።

«ሾርባ የሚሠራው ማን ነው?»

«አባባ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ወጥ ቤቱን ተረክበዋል። ለኔም በየቀኑ ይልኩልኛል። ግን ከደጅ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው የምጠጣው፤ አክስቴ ካየችኝ ትገድለኛለች።»

«ይኸው!» አለ ሳጅኑ። «ሽቦ ይጠጣል፣ ካሮቱ ተገኘ!»

ካሮቱ ሽቦንም ጋሽ ሹፌርንም ያሳማል። ኢንስፔክተሯ ተነሣች።

«ወዴት?»

«ጎረቤት ልጠይቅ። አንተ ከልጁ ጋር ሾርባህን ጠጣ። ሆድህ ጩኸቱን አላቆመም።»

*

እነ ጋሽ ሹፌር የሚኖሩት ከከተማው ዳር ነው፤ አውቶቡሱ መጨረሻ ላይ። አጥራቸውን የምትጋራ አንዲት ባልቴት በር ላይ ተቀምጣ ክር ትጠመጥማለች።

«ትናንት ጋሽ ሹፌር ቤት ነበሩ እማማ?»

«ጠዋት ነበር። ከሰዓትም ኳስ አመለጠኝ እያለ ግቢው ውስጥ እንደ እብድ ሲንጎራደድ አየሁት፤ ከዚያ ወዲያ ግን አላየሁትም።»

«ለምን አመለጣቸው?»

«መብራት የለማ ልጄ! ትናንት ሰፈሩ በሙሉ ጠፍቶ ነው የዋለ። የመጣው ከመሸ ነው። ቴሌቪዥኑን በእርግጫ ሊለው ትንሽ ቀረው።»

«ሬዲዮ የላቸውም?»

«ሬዲዮውን ሚስቱ ወስዳ ፕላስተር ለጥፋበታለች፤ ‹ተበላሽቷል፣ አትንኩ› ብላ።»

ኢንስፔክተሯ ሳቋን ውጣ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ተመለሰች። በረኛው ተንበርክኮ ሣሩን ሲደበድብ ያዩት የት ነው? መብራት ያለበት ቦታ፣ ስክሪን ያለበት ቦታ። ቁልፉም ምስማር ላይ ነበር። ግን ይህም ቢሆን ወሬ ሰምቼ ነው ቢሉስ? ሰው ያላየውን ጎል አየሁ ብሎ ማውራት አዲስ አይደለም። አንድ ነገር ጎደላት።

አውቶቡሱ መጣ፤ ሰው አራግፎ ባዶ ሆነ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ወደ ፊት ዞሮ ከመስተዋቱ ሥር ያለውን ሰሌዳ አወጣ። ሰሌዳው የዚህን ሰፈር ስም ይላል። ገልብጦ መልሶ አስገባው። አሁን የመሃል ከተማውን ስም ይላል።

ኢንስፔክተሯ አንድ እግሯን አውቶቡሱ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ይግቡ እንጂ እትዬ» አለ ሾፌሩ።

«ያለህበትን ሰፈር ለምን አትጽፍም?»

ሾፌሩ እንደ ታመመች አያት። «ያለሁበትማ ይታያል! ሰው የሚጠይቀኝ ወዴት ነህ ብሎ ነው።»

«ሲፒዩው ጋ ቆሞ ‹ስክሪን›» አለች ለራሷ። «ስክሪኑ ጋ ደርሶ ‹ሲፒዩ›። ሰሌዳውን ገለበጠው!»

«ምን አሉኝ?»

«ንዳ፣ ወንድሜ፣ ንዳ!» አለችና የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ ብቻዋን ፈገግ አለች። ተሳፋሪው ከአጠገቧ አልቀመጥ አለ።

*

ፀሐይ ወደ ጣሪያዎቹ ሳታዘቀዝቅ ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እትዬ ፕላስተር አኩርፋ፣ ሽቦ ከሳጅኑ ጎን አንገቱን ደፍቶ፣ ጋሽ ሹፌር በር አጠገብ ወገባቸውን ደግፈው። ብልጭታም ማንም ሳይጠራው መጥቷል፤ ካሜራ ይዞ።

ኢንስፔክተሯ ትርፍ ኬብሎች አከፋፈለች። «ይህ ኬብል ከሲፒዩ ወደ ስፒከር ይሄዳል እንበል። ሁላችሁም ሁለቱ ጫፍ ላይ እንደሚታያችሁ ጻፉ። ሳታስቡ፣ ቶሎ! አንድ… ሁለት…»

ሁሉም አጎነበሰ። ማርከሩ ጮኸ።

የሽቦን አነሣች፤ «1» እና «1»። የእትዬ ፕላስተርን አነሣች። ስፒከሩ ውስጥ የሚገባው ጫፍ «ስፒከር»፣ ሲፒዩው ውስጥ የሚገባው «ሲፒዩ»፤ ለማንበብ እንኳ አያስፈልግም ነበር። ብልጭታ ባዶውን መለሰ፤ «በመልክ አውቃታለሁ» ብሎ። ከዚያ ወደ ጋሽ ሹፌር ዞረች።

ጋሽ ሹፌር በንጹሕ ልብ ነበር የጻፉት፤ ፊደላቸው እንደ አውቶቡስ ሰሌዳ ቀጥ ያለ ነው። ሲፒዩው ውስጥ የሚገባው ጫፍ ላይ «ስፒከር»። ስፒከሩ ውስጥ የሚገባው ላይ «ሲፒዩ»።

ቀድማ ያነበበችው ሚስታቸው ናት። ኬብሉን አየች። ጠረጴዛው ሥር ያለውን ውሸታሙን አየች። ባሏን አየች።

«አንተ ሰውዬ!»

«ምን አጠፋሁ?» አሉ ጋሽ ሹፌር፣ እውነትም ሳይገባቸው። «አውቶቡስ ግንባሩ ላይ የሚጻፈው የሚሄድበት ነው! የቆመበትን የሚጽፍ አለ እንዴ?» ይህን ብለው ሲጨርሱ ገባቸው። ማርከሩ ከእጃቸው ወደቀ።

«ትናንት ሰፈራችሁ መብራት አልነበረም» አለች ኢንስፔክተሯ በለሆሳስ። «በረኛው ሣሩን ሲደበድብ ያዩት እዚህ ነው። ወገብዎንም የያዘው ብርድ አይደለም፤ ሲፒዩ ነው። በረኛው ተንበረከከ፤ እርስዎስ?»

ጋሽ ሹፌር ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «እኔማ ዘለልኩ» አሉ። «ቁልፉን ከምስማሩ አነሣሁ፤ ለአንድ ጨዋታ ብዬ ነው። ሾርባዬንም ያዝኩ፤ በባዶ ሆድ ኳስ አይታይም። ከሲፒዩው ላይ አስቀመጥኩት። ጎል! ስል… ሾርባው በእነዚያ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ…» እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ አሉ። እኔ መልቀም እንኳ አልቻልኩም። ብልጭ አለና ጠፋ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም!» ስትል ጮኸች እትዬ ፕላስተር።

«በሩን አንብቢ!» አሉ ጋሽ ሹፌር። «‹ወዮለት› ይላል!»

ሳጅኑ ባርኔጣውን አፉ ላይ አደረገ።

«ተሸክሜ ከገበያው ወዲያ ያለ ‹ዶክተር› የሚሉት ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ አደረስኩት። አደርቀዋለሁ፣ ሰኞ ከሰዓት ውሰድ አለኝ። እስከዚያ አሮጌውን ተካሁ። ሰኞ ማታ ነው እንደምትሠራበት የነገርሽኝ! በጠዋት ትከፍቺዋለሽ ብዬ መች አሰብኩ! ስደርስ ልጁ ተይዟል። ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ ወኔዬ ከዳኝ። ከሰዓት ይዤው መጥቼ እግርሽ ላይ እወድቃለሁ ብዬ…» ወደ ሽቦ ዞሩ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፣ የኔ ልጅ። ዳዋው አንተ ሆንክ። አይጧ ይኸውልህ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ዶክተሩ ደወለች፤ ድምፁን ለሁሉም ከፈተችው።

«አዎ፣ ደርቋል፣ ይሠራል» አለ ዶክተሩ። «ውስጡ ያለው ሁሉ ደህና ነው፤ ሠርግ ነገርም አይቼበታለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። በሥራዬ ብዙ ነገር አውጥቻለሁ፤ በረሮ፣ ሳንቲም፣ አንዴም የሕፃን ካልሲ። ካሮት ምን ይሠራል?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ብልጭታ ካሜራውን መያዝ አቃተው። እትዬ ፕላስተር ላለመሳቅ ታገለች፤ ታገለችና ተሸነፈች፤ ስትስቅ ደግሞ እንባዋ ወረደ።

ሲፒዩው መጥቶ ተሰካ። ሙሽራዋ ስክሪኑ ላይ ብቅ ብላ ፈገግ አለች።

«በምን አንቀጽ ነው የምንከሰው?» አለ ሳጅኑ ወደ ኢንስፔክተሯ ጆሮ ጠጋ ብሎ።

«የገዛ ሚስቱን ፈርቶ የገዛ ቤቱን ዕቃ የደበቀ ሰው የሚከሰስበት አንቀጽ ካገኘህ ንገረኝ። ግን ለፖሊስ ዋሽተዋል፣ ጋሼ። ነገ ጣቢያ መጥተው ሾርባ ያበላሉ። ከኮምፒውተሩ ርቀው።»

ሰው መበታተን ጀመረ። ሽቦ ግን አልሄደም። ከበሩ አጠገብ እጁን ባዶ ኪሱ ውስጥ ከቶ ቆሟል። ስልኩ ጮኸ። አየው፤ እናቱ ናት። ደርሳለች። አላነሣውም። አክስቱን አያት።

እትዬ ፕላስተር ይቅርታ የሚባለው ቃል በሕይወቷ ብዙ አልወጣላትም። ሰው ሁሉ ‹እሰሩልኝ› ስትል በሰማበት ቤት ውስጥ ቃሉን ፈለገችው፣ አጣችው። በመጨረሻ ፕላስተሯን አነሣች። ትንሽ ቆረጠች። በማርከሩ ጻፈችበት። ከኪሷ ጠዋት የነጠቀችውን ቁልፍ አወጣች፣ ለጠፈችበት፣ አምጥታ ኪሱ ውስጥ ራሷ ከተተችው።

ሽቦ አውጥቶ አነበበው። «ሽቦ» ይላል።

«በኔ ሕግ» አለች እትዬ ፕላስተር ወደ መስኮቱ እያየች፣ «የሚጻፈው የሚገባበት ነው።»

ስልኩ አሁንም ይጮኻል። ኢንስፔክተሯ ደጁ ላይ ጫማዋን እያሰረች አጎንብሳ ነበር፤ ማሰሯን ትታ ጆሮዋን ጣለች።

«እማዬ! እንኳን ደህና ገባሽ» አለ ሽቦ። «እኔ? አክስቴ ጋ ነኛ፣ ሥራ ላይ።» ትንሽ አዳመጠ። «አይ፣ ምንም አዲስ ነገር የለም። አንድ ኬብል ተገላብጦ ነበር፤ አስተካከልነው። እሺ፣ እየመጣሁ ነው። አክስቴም አብራኝ ትመጣለች…» አክስቱን አያት። እትዬ ፕላስተር መሀረቧን እየፈለገች በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። «አዎ፣ እየመጣች ነው። አባባ ደግሞ ሾርባ ይዘው ከኋላ ይከተሉናል። ከኋላ፣ ራቅ ብለው።»